ፊትሽን እንደ ኮረንቲ ሲነዝርሽ

ዳውራ አካባቢ በምሠራበት ቤት ቀኝ ጉንጬን ድንገት ይነዝረኝ ጀመር። ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ፊቴን ስታጠብ ወይም ስጎርስ ግን ይመለሳል። ማዳም ፓናዶል ሰጠችኝ፣ አላስታገሰልኝም። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ሁለት መንጋጋ ተነቀለልኝ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ከወራት በኋላ የነርቭ ሐኪም አየኝና “ጥርስሽ አይደለም፣ ነርቭሽ ነው” አለኝ። ያስረዳኝን ላካፍልሽ።

የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱት በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ትልልቅ ነርቮች ናቸው። እያንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፦ ለግንባርና ለዓይን፣ ለጉንጭና ለላይ ጥርስ፣ ለታች መንጋጋ። መንገዱ አንድ ስለሆነ የጥርስ ሕመም ጆሮ ላይ ሊሰማሽ ይችላል።

ጥርስ ወይም ድድ ሲቆጣ፣ ሰውነት የሚለቃቸው ኬሚካሎች የነርቩን ጫፍ በቀላሉ የሚነካ ያደርጉታል። ያኔ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ያማል፤ ሕመሙም ይጠዘጥዛል። የተቆጣው ሲታከም ይበርዳል።

ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን ሌላ ነው። የደም ሥር ሲጫነው፣ በጥርስ ነቀላ ወይም በድብደባ ሲጎዳ፣ እንደ ተላጠ ሽቦ ይሆናል። ያለ ምክንያት መልእክት ይልካል፤ ቀላል ንክኪም አንጎል የሚደርሰው ሕመም ሆኖ ነው። ፓናዶል የማይይዘው ለዚህ ነው። ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል፤ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትወስጂ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ እነዚህን ተናገሪ፦

• ይነዝራል ወይስ ይጠዘጥዛል? የሚነዝር ከሆነ “ምትል ካህራባ” (እንደ ኮረንቲ) በያቸው።
• ምን ሲነካሽ ይነሣል? ስንት ጊዜ ይቆያል?
• ከንፈርሽ ወይም ጉንጭሽ ይደነዝዛል?
• ተመተሽ ወይም ወድቀሽ ታውቂያለሽ?

ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ራጅ እንዲነሣ ጠይቂ። የመታሽ ሰው ካለ የጉዳቱን ፎቶና የሐኪም ወረቀቱን አስቀምጪ።

ፊትሽ አብጦ ትኩሳት ካለሽ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ግን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።

እህቴ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል አሠሪሽ እንዲያሳክምሽና የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባልሽ ያዛል። ኢንሹራንሱ ጥርስን ላይሸፍን ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ። “አሳክሙኝ” ማለት ልመና አይደለም፣ የፈረምሽው ውል ነው።