«ናው ናው» ስንት ደቂቃ ነው?

ዛሬ ፊደሉን ለጊዜው እናቆየውና ስለ ሰፈራችን አነጋገር እንጫወት።

መጀመሪያ በራሴ ላስቃችሁ። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን አንድ ደንበኛ ያለበትን ሂሳብ «ጀስት ናው አመጣለሁ» አለኝ። እኔም የሂሳብ ሰው አይደለሁ? ደብተሬን ዘርግቼ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰውየው የመጣው በማግስቱ ነው! ልቆጣው ስል አብረውኝ የሚሠሩት በሳቅ ሞቱ። ለካ እዚህ «ጀስት ናው» ማለት «በኋላ» ማለት ኖሯል። «ናው ናው» ደግሞ ከእሱ ትንሽ ይቀርባል። ሰውየው አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ግን እኛስ? አባባ ከቤት ሲወጡ «መጣሁ!» ይሉ የለ? እየሄዱ እኮ ነው! «አሁን አሁን» ስንልስ «በዚህ ዘመን» ማለታችን ነው እንጂ ምንም ችኮላ የለበትም። እንግዲህ ማን በማን ይስቃል?

«ሼም» የምትለዋን ቃልም አስቡ። አዲስ አበባ «ሼም ነው» ከተባለ አሳፋሪ ነገር ተሠርቷል ማለት ነው። እዚህ ግን ጎረቤታችን ሕፃን አይታ «ሼም!» ብትል «እኔን! ሲያምር!» ማለቷ ነው። የወደቀ ልጅ አይታ ብትል ደግሞ «አይዞህ» ነው። እናታችሁ ከተቀየመች እናንተ አስረዷት።

ይህ ሁሉ ድብልቅ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1886 እዚህ ወርቅ ሲገኝ ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ዙሉው፣ ሶቶው፣ አፍሪካንስና እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ መንገድ ላይ ተገናኘ፤ ቃል ተዋዋሰ። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ አራዳ ይባል ነበር። ኋላ ላይ ቃሉ የነቃ የከተማ ልጅ መጠሪያ ሆነ፤ ያልነቃው «ፋራ» ተባለ።

ቀልድም ቢሆን ቋንቋውን ለሚያውቅ ነው። አለቃ ገብረ ሃና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ በቀልዳቸውም ይታወቃሉ። አንድ ቀን አህያ የሚነዳ ሰው አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» አሉት ይባላል። ሰውየው ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው የገባው። እሱ አንድ ነው፤ ታዲያ «አደራችሁ» የተባለው ከማን ጋር ተቆጥሮ ነው? በዙሉም ለአንድ ሰው «ሳዉቦና»፣ ለብዙ ሰው «ሳኒቦናኒ» ይባላል። ስለዚህ ይህን ቀልድ ለዙሉ ጓደኛችሁ ብትነግሩት ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ አንድ የማያስቅ ቃል ላንሳ። አንዳንድ ሰው ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣውን «ማክዌሬክዌሬ» ይለዋል። «ንግግሩ የማይገባ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ የተነሳው ጥቃት ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛምቶ 62 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ሰውን በስድብ ቃል ለይቶ መጥራት ሲለመድ፣ እሱን መጉዳትም ቀላል መስሎ ይታያል። ይህ ቃል ቢሰነዘርባችሁ ለአስተማሪያችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ ንገሩ እንጂ አትደብቁ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛስ ቤታችን ውስጥ፣ «አይሰሙንም» ብለን፣ የአገሩን ሰው በአማርኛ የምንጠራበት መጥፎ ስም የለም? ካለ ከዛሬ ጀምሮ እንተወው። አብሮ የሚያስቅ ጨዋታ ጎረቤት ያደርጋል፤ በሰው ላይ የሚያስቅ ግን ያራርቃል።

የቤት ሥራ፦ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው አንድ የአማርኛ ጨዋታ፣ ከጎረቤት ደግሞ አንድ የጆሃንስበርግ ቃል ጠይቃችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ሰዓቱ አራት ሰዓት ነው፤ «ጀስት ናው» አይደለም!

ደህና ሰንብቱ!