ድመትን ይዞ ወደ ባሕር ማዶ፦ ከመሸንቲ የሚነሣ መንገድ

ድመትን በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር ይዞ የመሄድ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ በረራው፣ ይኸውም እንስሳዋ በሰማይ ላይ በምትቆይባቸው ሰዓታት አየር ያጥራት ይሆን፣ ይበርዳት ይሆን፣ ትደነግጥ ይሆን እያለ ነው። ከጣና ዳር ለምትነሣ ድመት ግን ከጉዞው ሁሉ ቀላሉ በረራው ሲሆን፣ ከባዱ፣ በተለይ ወደ አውሮፓ ለምትሄድ፣ ከበረራው በፊት ያሉት አራት ወራት ናቸው።

አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲበር በውጭ ያለው አየር ለመተንፈስ የማይበቃ ስስ ስለሚሆን፣ የውስጡ አየር በመሣሪያ ኃይል ታምቆ ይቆያል፤ ሆኖም ይህ የታመቀ አየር በባሕር ዳርቻ እንዳለው የወፈረ ሳይሆን በደጋ አገር እንዳለው የሳሳ ነው። የሚፈቀደው ወሰን በ2,440 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ሲመጣጠን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ደግሞ በ1,830 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን አየር ይይዛል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ከከተማዋ ወደ መርዓዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ በምትገኘው በመሸንቲ ተወልዳ ያደገች ድመት በዚህ አውሮፕላን ውስጥ የምትስበው አየር በየዕለቱ በደጇ ከምትስበው ብዙም አይለይም። ከባሕር ጠለል አጠገብ ካሉ የአውሮፓ ከተሞች የምትነሣ ድመት ይህን ዕድል አታገኝም። እንስሳት የሚጫኑበት የዕቃ ክፍልም ቢሆን የአየር ግፊቱ ከመንገደኞቹ ክፍል ጋር አንድ ነው፤ ሕይወት ያለው ጭነት መኖሩ ለዋናው አብራሪ በጽሑፍ ስለሚገለጽ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይስተካከላል።

እንግዲህ መንገዱን የሚያከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ፣ በአብዛኛው በታመመ እንስሳ ንክሻ ከምራቅ ወደ ቁስል የሚተላለፍና ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የሌለው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩና በውሻ የተነከሱ ናቸው። ድመት የበሽታው ዋና ተሸካሚ ባትሆንም፣ በታመመ ውሻ ወይም በዱር እንስሳ ስትነከስ ትያዛለች፤ ከተያዘች በኋላም የቤቱን ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ አብረዋት የሚጫወቱትን ሕፃናት ልትነክስ ትችላለች። ኢትዮጵያ በሽታው በውሾች መካከል ካልጠፋባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ የአውሮፓ ኅብረት በሽታውን ተቆጣጥረዋል ብሎ በመዘገባቸው የውጭ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልገባችም፤ ከባሕር ዳር በምትነሣ ድመት ላይ ተጨማሪ የደም ምርመራና የመቆያ ጊዜ የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለው ጥብቅነት ሁልጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ወግቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ወታደሮቹ መጻሕፍትንና ንዋየ ቅድሳትን ጭነው ሲመለሱ ድመትም ይዘው እንደሄዱ ይነገራል። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው ስለ ድመቶች በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ዙላ የተባለች፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ከሐበሻ ምድር የመጣች ድመት በሥዕል ትታያለች፤ ስሟም ጦሩ በቀይ ባሕር ላይ ካረፈበት ወደብ ስም ጋር አንድ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ አቢሲንያን እየተባለ የሚጠራው የድመት ዝርያ ከዚህች ድመት ጋር ተያይዞ ስሙን ቢያገኝም፣ የዘረመል ጥናቶች ዝርያውን የሚያቀራርቡት ከህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ድመቶች ጋር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊነቱ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ የዚያን ዘመን ድመት ያለ ክትባትና ያለ ምርመራ በመርከብ ትሻገር ነበር። በኋላ ግን እንግሊዝ በሽታውን ከምድሯ ለማጥፋት ስትል ከውጭ የሚገቡ ውሾችና ድመቶች ስድስት ወር በለይቶ ማቆያ እንዲቀመጡ አዘዘች፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በሽታው ከጠፋም በኋላ ሥርዓቱ ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ኖሮ፣ በክትባትና በደም ምርመራ መተካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ የሚጠየቀው አራት ወር ረጅም ቢመስልም እንስሳዋ ያን ጊዜ የምታሳልፈው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሳይሆን በገዛ ቤቷ ነውና፣ ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ትልቅ ምሕረት ነው።

በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው፤ የኋለኛው ከፊተኛው ቀድሞ ከተሠራ ዋጋ ያጣልና። መጀመሪያ የሚመጣው ማይክሮቺፕ፣ ማለትም የሩዝ ቅንጣት የምታህል፣ ባትሪ የሌላት፣ በውስጧ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር የያዘች ዕቃ ስትሆን፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ በወፍራም መርፌ ከቆዳ ሥር ትገባለች፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋት ቁጥሩን ታሳያለች። ቀጥሎ፣ በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣል። ክትባቱ ከማይክሮቺፑ በፊት ከተሰጠ የትኛዋ ድመት እንደተከተበች ማረጋገጫ ስለማይኖር እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያጣውም በዚህች አንዲት ስሕተት ነው። ለአውሮፓ ኅብረት የሚሆነው ክትባት ድመቷ 12 ሳምንት ሳይሞላት መሰጠት የለበትም።

ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ከድመቷ ደም ይወሰዳል። የምርመራው ዓላማ ክትባቱ በደሟ ውስጥ በቂ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ቫይረሱን የሚዋጋ የመከላከያ ንጥረ ነገር፣ ማስገኘቱን ማየት ሲሆን፣ የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ምርመራው በማንኛውም ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሳይሆን ኅብረቱ ባጸደቃቸው ብቻ ነው፤ ለእነዚህ ሁሉ ማጣቀሻ ሆኖ የሚያገለግለው በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ ይገኛል። ስለዚህ ወደ ጸደቀው ቤተ ሙከራ የሚላከው ደሙ ራሱ ሳይሆን ከደሙ ቀይ ሕዋሳት ተለይቶ የወጣውና በቅዝቃዜ የተያዘው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው ነው። ውጤቱ ቢያምርም ድመቷ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መቆየት አለባት፤ ምክንያቱም ከክትባቱ አስቀድሞ በሽታው ገብቶባት ከሆነ ምልክቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይገለጣል ተብሎ ይታሰባል። ሒሳቡ ሲደመር፣ ያደገች ድመት ከክትባቱ በኋላ አራት ወር ሳይሞላ፣ ግልገል ደግሞ ዕድሜዋ ሰባት ወር ገደማ ሳይሞላ ወደ አውሮፓ መግባት አትችልም ማለት ነው። ክትባቱ ሳይቋረጥ በጊዜው ከታደሰ ግን ይህ የደም ምርመራ በድመቷ ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ዘመድ ለመጠየቅ ድመቱን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት ቢያስብ፣ ምርመራውን ገና ከዚያው ሳይነሣ ካስደረገ በመልስ ጉዞው ሦስት ወር ከመጠበቅ ይድናል።

የሌሎች አገሮች ደንብ ከዚህ ይለያያል። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በውሾች ላይ ብርቱ ቁጥጥር ብታደርግም፣ ለድመት በፌዴራል ደረጃ የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አትጠይቅም፤ ድመቷ ስትደርስ ጤነኛ መስላ መታየቷ ይበቃል፤ ነገር ግን ብዙ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ክትባቱን ስለሚጠይቁ፣ ሃዋይ ደግሞ የደም ምርመራ ጭምር ስለሚያዝ፣ የመድረሻውን ግዛት ሕግ ሳያዩ መነሣት አይገባም። ካናዳ ሦስት ወር ለሞላት ድመት የክትባት ምስክር ወረቀት ይበቃታል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሚመሳሰል ምርመራና መቆያ ከመጠየቋም በላይ፣ በአየር የሚገቡ ድመቶች በካርጎ እንጂ ከባለቤታቸው ጋር በመንገደኞች ክፍል እንዲመጡ አትፈቅድም። በጃፓን የመቆያው ጊዜ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው።

በመሸንቲና በዙሪያዋ ላለ ባለቤት ይህ ሁሉ የሚጀመረው በባሕር ዳር ነው። የገጠሩ የእንስሳት ጤና አገልግሎት አብዛኛው ሥራው ከብት፣ በግ፣ ፍየልና በቅሎ ስለሆነ፣ ድመትን ማስከተብ ራሱ ብዙም አልተለመደም፤ በጎተራው አጠገብ አይጥ እየጠበቀች የምትኖር ድመት ሐኪም ሳታይ ዕድሜዋን ልትፈጽም ትችላለች። ይህ ግን ለተጓዡ ብቻ ሳይሆን ለሚቀረውም ቤተሰብ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ አንዲት ድመት ለጉዞ ስትከተብ በዚያው ቤት ያለው ውሻም አብሮ ቢከተብ፣ ጥቅሙ አውሮፕላን ለማይሳፈሩት የቤቱና የጎረቤት ልጆች ይተርፋል። ማይክሮቺፕና ማንበቢያው በየክሊኒኩ ስለማይገኝ ፍለጋው እስከ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻም በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለአውሮፓ የሚሆነው ድመቷ ከመድረሷ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን ስላለበት ቀድሞ ማውጣት አይጠቅምም። አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ሌላው ሁሉ ነው፤ ቪዛው እስኪመታ ድረስ ክትባቱን የሚያቆይ ሰው ቪዛው በእጁ እያለ ድመቱን ትቶ ለመሄድ ይገደዳል።

ድመትን ከቤት ወደ ቤት በጆንያ ወይም በዘንቢል መውሰድ በአገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ አውሮፕላን በዕቃ ክፍሉ የሚቀበለው ጠንካራ የማጓጓዣ ሣጥን ነው። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ባወጣው የሕያዋን እንስሳት ደንብ መሠረት ድመቷ በሣጥኑ ውስጥ ጣሪያውን ሳትነካ መቆም፣ መዞርና እንደ ልማዷ መተኛት መቻል አለባት፤ የሣጥኑ ወለል እርጥበት የማያሳልፍና በሚመጥ ነገር የተነጠፈ፣ ጎኖቹ አየር የሚያስገቡ፣ የውኃ ሳህኑ በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ መሆን ይኖርበታል። አንዳንድ አየር መንገዶች ትንሽ ድመትን በለስላሳ ቦርሳ ከወንበር ሥር ሲያስቀምጡ፣ ሌሎች በሻንጣ ክፍል ወይም በካርጎ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት መጠየቅና ቦታ ማስያዝ ግድ ነው፤ በአንድ በረራ የሚጫኑት እንስሳት ቁጥር የተወሰነ ነውና። በተቻለ መጠን የአውሮፕላን ለውጥ ያነሰበትን መንገድ መምረጥ ይበጃል፤ ድመትን አደጋ ላይ የሚጥለው በሰማይ ላይ ያለው ሰዓት ሳይሆን በምድር ላይ፣ ከሁሉ ይልቅ በበጋ በሚግሉ አገሮች የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ፣ ጭነት እስኪነሣ የሚጠበቅበት ሰዓት ነው።

ሣጥኑ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ ተገዝቶ በሩ ክፍት ሆኖ በቤት ውስጥ ቢቀመጥ፣ ምግቧም በውስጡ ቢሰጣት፣ ባለቤቷ የለበሰው አሮጌ ነጠላ ቢነጠፍላት፣ ድመቷ እንደ መኝታዋ ትለምደዋለች። የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት ግን ብዙዎች ለርኅራኄ ብለው የሚያደርጉት ከባድ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚጠብቅበትንና ሚዛኑን የሚይዝበትን ኃይል ያዳክማል፣ የደነዘዘች ድመት ችግር ቢገጥማትም ምልክት ልትሰጥ አትችልም። ከበረራው ጥቂት ሰዓታት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይበቃታል። በፍተሻ ጊዜ ባዶው ሣጥን በኤክስሬይ ሲያልፍ ድመቷ በእጅ ስለምትያዝ፣ ደንግጣ እንዳታመልጥ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ በአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ ያመለጠችን ድመት መልሶ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አፍንጫቸው የተጨፈለቀ እንደ ፐርሽያን ያሉ ዝርያዎች በሙቀትና በጭንቀት ጊዜ መተንፈስ ስለሚከብዳቸው ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሏቸውም፤ የአገሬው ድመት አፍንጫዋ ረዘም ያለ በመሆኑ ከዚህ ችግር ነፃ ናት።

ሁሉም ድመት መሄድ አለባት ማለት ግን አይደለም። ድመት ከሰው ይልቅ ከቦታ ጋር የምትጣበቅበት ጊዜ አለ፤ ዕድሜዋን በሙሉ በጓሮና በጎተራ ዙሪያ እየዞረች የኖረች ያረጀች ድመት በአምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ከምትዘጋ፣ ከምታውቀው ቤት ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ብትቀር ይሻላታል። በሰው እቅፍ ያደገች፣ ባለቤቷ ሲወጣ ምግብ የምትተው ድመት ደግሞ ጉዞው ቢከብዳትም መለያየቱ ይብስባታል።

ከደረሰች በኋላ ድመቷ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጸጥ ያለ ክፍል ከሣጥኗና ከነጠላዋ ጋር ብትቆይ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከቤት ባትወጣ ይመረጣል፤ አዲሱን ቤት መመለሻዋ አድርጋ ሳታውቀው የወጣች ድመት ትጠፋለችና። በቆዳዋ ሥር ያለው 15 አኃዝ በአዲሱ አገር የእንስሳት መዝገብ ውስጥ ከባለቤቷ አድራሻና ስልክ ጋር ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ብትጠፋ የሚያገኛት ሰው ቁጥሩን ቢያነብም የማን እንደሆነች ሊያውቅ አይችልም።