ተጨማሪ መረጃ፦ የላሙ ነዋሪዎችና የድንጋይ ከሰሉ ማመንጫ

በዚህ ምዕራፍ የባሕር ዳርቻ ከተሞች እንዴት እንደሚያድጉ ተምራችኋል። ለመሆኑ እድገቱን የሚከታተለው መንግሥት ብቻ ነው? በኬንያ ጠረፍ የምትገኘውን የላሙን ጥንታዊ ከተማ ተመልከቱ። ቤቶቿ በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ በጠባብ መንገዶቿ ጭነት የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

በላሙ አካባቢ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ሲታቀድ፣ «ሴቭ ላሙ» የተባለው የነዋሪዎች ጥምረት ለፕሮጀክቱ የተሰጠውን የአካባቢ ፈቃድ በመቃወም አቤት አለ። ክርክሩ ያተኮረው በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ላይ ነበር። ይህ ግምገማ አንድ ፕሮጀክት በአየር፣ በውኃና በሰዎች ኑሮ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ለውጥ ሥራው ሳይጀመር የሚመረምር ጥናት ነው። ጉዳዩን የተመለከተው የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት፣ ሕዝቡ በጥናቱ ላይ በአግባቡ አልተሳተፈም በማለት በ2019 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ሰረዘ።

ሞክሩት፦ በሰፈራችሁ ግንባታ ካለ፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብቡ። ባለቤቱ፣ ተቋራጩና አማካሪው እነማን ናቸው? ሕንፃው ሲጠናቀቅ የጎርፍ መውረጃውንና የእግረኛ መንገዱን ይነካ ይሆን? ያገኛችሁትን ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።