የአእምሮ መድኃኒት ለምን ያስርባል?

በሐይቅና በአምባሰል አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ክርስቲያኑ ጠበል ያስጠምቃል፣ ሙስሊሙ ሼህ ዘንድ ወስዶ ቁርኣን ያስቀራል። ሐኪም ቤት የሚኬደው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። የተጀመረው ክኒን ከጥቂት ወራት በኋላ ሲቋረጥ ታዲያ ጥፋቱ በእምነት ላይ ይላከካል። ይህ ሙግት ግን ሌላ ምክንያት ሸፍኗል፤ እሱም ረሃብ ነው።

ነገሩ ከመድኃኒቱ አሠራር ይጀምራል። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች ነው፤ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። በስኪዞፍሬንያ ሕመም በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ዶፓሚን ከልክ በላይ ይለቀቃል። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ያለ ምክንያት ሰው ይጠረጥራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ታማሚዎች መሰጠት የጀመረው ክሎርፕሮማዚንና በ1958 የተገኘው ሃሎፔሪዶል፣ ዶፓሚን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይይዛሉ። ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ሕመሙ ይበርዳል፤ ከ80 በመቶ ሲያልፍ ሰውነት ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ሕመሙን ነቅሎ አያወጣም። ከሰውነት ሲጠፋ ተቀባዮቹ ይለቀቃሉ፤ ብዙዎች ላይም ሕመሙ ያገረሻል።

ችግሩ ክሎርፕሮማዚን የሚይዘው የዶፓሚንን ተቀባይ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የሂስታሚንንም ይይዛል። ሂስታሚን አንጎልን የሚያነቃና የምግብ ፍላጎትን የሚገታ ኬሚካል ነው። መንገዱ ሲዘጋበት እንቅልፍ ይጫናል፣ ሆድም አልጠግብ ይላል። ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ይህ ጠባይ አለው።

በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ታማሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መሆኑን አሳይቷል፤ መድኃኒቱ የቀሰቀሰውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ ቤት ውስጥ የለም። ክረምት ላይ ጎተራው ለሚጎድልበት የአምባሰል ገበሬም ሒሳቡ ያው ነው፦ አንዱን የሚያረጋጋው ክኒን የሌሎቹን እንጀራ ይሻማል።

የእምነቱ ሙግት መላ አያጣም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ዘመን ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለምእመናን ተናግረዋል። ረሃቡን ግን ስብከት አይፈታውም። ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል ወይም የምግብ ፍላጎትን ያን ያህል ወደማይቀሰቅሰው ሃሎፔሪዶል መቀየር ይችል ይሆናል፤ ለዚህ ግን ቤተሰቡ «ምግቡ አልበቃ አለን» ብሎ ሳያፍር መናገር አለበት። ቀበሌውም የሴፍቲኔት ተረጂ ሲመርጥ እንዲህ ያለውን ቤት ሊያስቀድም ይገባል። እስከዚያው ክኒኑን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም አይገባም።