ቀኝጌታው ሲዘገይ፤ በጤነኛ ወጣት ልብ ታይቶ ስለሚሰወር ጉድለት

ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወደ መካነ ሰላም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ወደ ተቀመጠችው ከተማ፣ እህል የጫነ አህያውን እየነዳ ያለ ዕረፍት የሚወጣ ጎልማሳ ልብህ ታሟል ቢሉት ይስቃል እንጂ አያምንም፤ ዳሩ ግን ይኸው ጎልማሳ ለሥራ ቅጥር ወይም ለባሕር ማዶ ጉዞ የጤና ማስረጃ ሲያወጣ የልብን ምት በወረቀት የሚጽፈው የኢሲጂ መሣሪያ ያልታሰበ መስመር አውጥቶ ሐኪሙን ሊያሳስበው፣ በማግሥቱ ሲደገም ደግሞ ያ መስመር ደብዛው ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል።

የልብን ሥርዓት ለሚያስረዳ ሰው፣ በተድባበ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አገር የማኅሌትን ያህል ቅርብ ምሳሌ የለም። መሪጌታው ያነሣል፤ ቀኝጌታና ግራጌታ በየወገናቸው ይቀበላሉ። እንዲሁም ኪትና ፍላክ በ1907 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያገኟት የምት መነሻ በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ተቀምጣ ምቱን ታነሣለች፤ ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ በ1906 የገለጣት መሻገሪያ፣ የላይኛው ክፍል ደሙን አውርዶ እስኪጨርስ ድረስ ጥቂት ታቆየዋለች፤ ከዚያም ቪልሄልም ሂስ በ1893 በጻፈለት ግንድ ወርዶ፣ በቀኝና በግራ ቅርንጫፍ ለታችኞቹ ክፍሎች ይደርሳል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲነበብ ያደረገው ሆላንዳዊው አይንትሆቨን የ1924ን የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

በወረቀቱ ላይ እያንዳንዷ ትንሽ ካሬ የሰከንድ 4 መቶኛ ናት፤ ከላይኛው ክፍል ምልክት መነሻ እስከ ታችኛው ክፍል ምልክት መነሻ ከ3 እስከ 5 ካሬ ቢቈጠር መሻገሪያዋ ደኅና ናት፤ የታችኛው ክፍል ምልክት ራሱ 3 ካሬና ከዚያ በላይ ቢሰፋ ግን ብዙውን ጊዜ ቀኝጌታው ወይም ግራጌታው ዘግይቷል። ይህም የ10 ሰከንድ ምስክርነት ነው፤ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ በአንድ ቀን ከሚመታው 86400 ምት ዐሥሩን ብቻ ያየ ምስክር።

ከነዚህ ጉድለቶች አብዛኞቹ በወጣት ላይ ሲታዩ ጉዳት የላቸውም። ቬንከባህ በ1899፣ ኢሲጂ ገና ሳይኖር፣ ከደም ሥር ትርታ ብቻ መርምሮ የጻፈው ዓይነት፣ ማለት የመሻገሪያዋ መቆየት ከምት ወደ ምት እየጨመረ ሄዶ አንዱ ምት የሚቀርበት፣ ዳገት ልቡን ባሠለጠነው ገበሬና በሯጭ ላይ በእንቅልፍ ጊዜ ይታያል፤ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ሥራ ስለ ሆነም ሰውየው ተነሥቶ ሲራመድ ይጠፋል። የቀኝ ቅርንጫፍ መዘግየትም በጤነኛ ልብ ይገኛል፤ የግራው ግን የልብ አልትራሳውንድ ሳይታይ ዝም ሊባል አይገባውም። ምቱ ሲፈጥን ብቻ ብቅ የሚል መዘግየትም ስላለ፣ ዳገት ወጥቶ ወዲያው የተመረመረና በጥላ ሥር አርፎ የተመረመረ አንድ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ይታያል።

በ1930 ቮልፍ፣ ፓርኪንሰንና ዋይት በ11 ሰዎች የገለጡት ሁኔታ ደግሞ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ከልደት ጀምሮ ያለ ቀጭን የሥጋ ድልድይ ምቱን በመሻገሪያዋ ሳያቆይ ያሳልፈዋል። ድልድዩ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፤ መዘጋቱም ብዙ ጊዜ የደካማነቱ ምልክት ነውና መልካም ወሬ ነው፤ ልቡ በድንገት የሚሮጥበት ሰው ግን ወደ ስፔሻሊስት መሄድ አለበት፤ ድልድዩም በካቴተር ተቃጥሎ ሊወገድ ይችላል።

በእኛ አገር የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነው። የመሻገሪያዋ መቆየት ከሩማቲክ ትኩሳት ምልክቶች አንዱ መሆኑ በ1944 በወጣው የጆንስ መመዘኛ ተጽፏል፤ ይህም በሽታ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ ስለ ሆነ፣ ለታመመ ጉሮሮ ከፔኒሲሊን ይልቅ እንጥል ማስቆረጥ በሚቀድምበት ቀዬ ያደገና ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን በየተራ ያመመው ወጣት እንዲህ ያለ መስመር ቢታይበት፣ «የጤነኛ ነው» ተብሎ ሊሰናበት አይገባም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ልብን እንደሚነካ ፓሪና ዋረል ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ መርምረው በ1970 አሳትመዋል። በ1992 ብሩጋዳ የተባሉ ወንድማማቾች የገለጡት፣ የቀኝ ቅርንጫፍ መዘግየት የሚመስለውና ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል የሚችለው መስመርም በትኩሳት ጊዜ ብቅ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ከመስመሩ ይልቅ ጥያቄው ይቅደም እላለሁ፤ ራስህን ስተህ ታውቃለህን? ስትሮጥ ወድቀህ ታውቃለህን? ከዘመድህ በለጋነቱ ድንገት የቀረ አለን? በአገሩ አነጋገር ድንገት የሞተው «ምች መታው»፣ ራሱን የሳተው «ለከፈው» ስለሚባል፣ «የልብ በሽታ በዘራችሁ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም «የለም» ተብሎ ይቀራል። ከሦስቱ ጥያቄዎች ለአንዱም ቢሆን «አዎን» ያለ ወጣት፣ ወረቀቱ ዛሬ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ ቀንና ሌሊት ምቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ሊታሰርለት ይገባል።

ወረቀቱም ያታልላል። የደጋው ብርድ ጋቢውን ያወለቀውን ሰው ሲያንቀጠቅጠው መስመሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በሙቀት የሚታተም ስለ ሆነም ፀሐይና እሳት ሲያገኘው ይደበዝዛል። እንግዲህ ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ለበለጠ ምርመራ ወደ ደሴ የምትላክ አንባቢዬ ሆይ፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ያን የመጀመሪያውን ወረቀት ራሱን ለምነህ ተቀበል፤ ፎቶ ኮፒም አስነሥተህ ዋናውን ከምድጃ አርቀህ አስቀምጠው፤ ደሴ በደረስህበት ቀን ልብህ ያን መስመር ላይደግመው ይችላልና።