የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያና የብርሃን ማስክ

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፎቶግራፍ ስናነሣ የበሩን ብርሃን ከጠበቅን፣ የመላእክት ፊት የተደረደረበት ጣሪያ ይጨልማል፤ ምስሉን በሙሉ ብናፈካው ደግሞ በሩ ይነጣል። የብርሃን ማስክ መፍትሔ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በፎቶሾፕ የምስሉን ብርሃን ራሱን መምረጫ እናደርገዋለን፤ ከ0 እስከ 255 ባለው ልኬት 255 የሆነው ፒክስል ሙሉ በሙሉ፣ 128 የሆነው በግማሽ ያህል ይመረጣል። የእርማቱ ጠርዝ የማይታየው ስለዚህ ነው። ለጣሪያው ምርጫውን እንገለብጠዋለን።

ነገር ግን ማስኩ የሚለየው የብርሃንን መጠን እንጂ ጥላንና ቀለምን አይደለም፤ ጨለማውን ሲያፈካ ሠዓሊው ሆን ብሎ ያጠቆረውን የመላእክቱን ፀጉርና የዓይን መስመርም አብሮ ያገረጣል። ለቅርስ ሰነድ ይህ ሥዕሉን እንደ መለወጥ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እጅግ የጠቆረውን ክፍል ከምርጫው ቀንሼ መካከለኛውን ጥላ ብቻ አፈካለሁ፤ ዋናውን ፋይል ግን ሳልነካ አስቀምጣለሁ።