የትሪያል ሞተር ሳይክል የሞተር መጠን እንዴት ይመረጣል?



ዛሬ የምንመለከተው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ለትሪያል ውድድር ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው 125፣ 250 ወይስ 300 ሲሲ ይምረጥ? መልሱ ግን በክፍል የተማርናቸውን ቶርክ፣ ሰበቃና የአየር እፍጋት በአንድነት ይፈትናል።

ትሪያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። ተወዳዳሪው በዓለት፣ በግንድና በጭቃ መካከል የተከለለውን አጭር መንገድ እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ ይጠበቅበታል። አንድ ጊዜ ቢያስነካ 1፣ ሁለት ጊዜ ቢያስነካ 2፣ ከዚያ በላይ ቢሆን 3 የቅጣት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ መንገዱን መጨረስ ካቃተው 5 ይሆናል። የሚያሸንፈው አነስተኛ ነጥብ ያለው ነው። ስለዚህ የሞተሩ ብቃት የሚለካው በከፍተኛ ኃይሉ ሳይሆን፣ ነጂው በሚሻው ቅጽበት የሚሻውን ያህል ጉልበት በመስጠቱ ነው።

ሲሲ ማለት ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ይዘት ነው። አማካይ ግፊቱ እኩል ነው ብንል፣ ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ሞተሮች ቶርክ ከይዘታቸው ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ የ250 ሲሲው ቶርክ የ125ቱ እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ትልቁን መምረጥ አይሻልም?

በቁጥር እንየው። ሞተር ሳይክሉ 70፣ ነጂው 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ የሁለቱ ክብደት 1,420 ኒውተን ገደማ ነው። በእርጥብ ዓለት ላይ የሰበቃው ኮፊሸንት 0.5 ቢሆንና ክብደቱ በሙሉ በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ እንኳ፣ ጎማው ወደፊት ሊገፋ የሚችለው እስከ 710 ኒውተን ብቻ ነው። ከዚህ የሚተርፈው ጉልበት ጎማውን ከማንሸራተት በቀር ጥቅም የለውም። እጁ ገና ያልተገራ ጀማሪ በ300 ሲሲ ላይ ሲቀመጥ የሚቸገረውም ስለዚህ ነው፤ የነዳጅ መስጫውን በጥቂቱ ሲያዞር ጎማው ይፈተለካል ወይም የፊቱ ጎማ ይነሣበታል።

ሌላው ገጽታ ደግሞ ይህ ነው። ይህንኑ 145 ኪሎ ግራም አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ዓለት ላይ ለማውጣት ቢያንስ 1,420 ጁል ያስፈልጋል፤ ነጂው 100 ኪሎ ግራም ቢመዝን 1,670 ጁል ገደማ ይደርሳል። መንደርደሪያው አጭር በመሆኑ ይህ ሁሉ በጥቂት ቅጽበት መገኘት አለበት። ትልቁ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ ይህን ይሰጣል። በ125 የሚነዳ ሰው ግን አስቀድሞ ዙሩን ከፍ አድርጎ፣ በቮላኖው ያጠራቀመውን ኃይል በፍሪሲዮኑ መልቀቅ አለበት። ለከባድ ሰው ይህ አድካሚ ነው፤ ለቀላልና ለወጣት ነጂ ግን ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ለእኛ የቀረበ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው 300 ሲሲ ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ 240 ሲሲ ሞተር ከሚስበው ጋር ይቀራረባል፤ 125ቱም ወደ 100 ይወርዳል። ክብደቱና ሰበቃው ግን አይቀንሱም። ስለሆነም በቆላማ አገር የተጻፈ ምክር በደጋ እንዳለ አይሠራም፤ ለደጋ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ማሰብ ተገቢ ነው።

ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ሳሚ ሚለር በ500 ሲሲ ኤሪየል ስመ ጥር ከሆነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትሪያል ያሸነፈው በስፔኑ ቡልታኮ ሼርፓ ነበር፤ የሞተሩ ይዘት 244 ሲሲ ብቻ ነው። የይዘቱን መቀነስ የክብደቱ ቅለትና ለቁጥጥር መመቸቱ ካሱት።

ዛሬ በርካታ አምራቾች የተለያዩ መጠኖችን በተመሳሳይ ሻሲ ላይ ስለሚገጥሙ፣ 125 መግዛት የሚያተርፈው ክብደት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ምርጫው በነጂው ላይ ይወድቃል። ለቀላልና ለወጣት ጀማሪ 125፣ ለአብዛኛው አዋቂ 250፣ ለከባድ ወይም ትላልቅ ዓለቶችን ለሚደፍር የሠለጠነ ነጂ 300 ይስማማል። ከመግዛታችን በፊት «ምን ያህል ጉልበት አለው?» ከማለት ይልቅ «ከጉልበቱ ምን ያህሉን መግራት እችላለሁ?» ብለን ብንጠይቅ ገንዘባችንም አካላችንም ይተርፋል።